ቶፉ የስጋ ምትክ ብቻ አይደለም

ሰላም የዝግጅት ክፍል፣ ከአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራውን ቶፉን «የስጋ ምትክ» ብላችሁ ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ቻይናዎች ቤታቸው የሚሠሩት ጂያቻንግ ዶፉ የሚባል ወጥ አለ። ቶፉው ተቆራርጦ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ከባቄላና ከበርበሬ የሚብላላው የሲቹዋን ድልህ ይገባበታል፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ የአሳማ ስጋም ጣል ይደረግበታል፤ ታዲያ ምትክነቱ የቱ ላይ ነው? የደረቀ አኩሪ አተር ከመቶ 36 ገደማው ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት ራሱ የማይሠራቸውን 9ኙንም አሚኖ አሲዶች ይዟል። ጂፕሰም በሚባል የካልሲየም ማዕድን የረጋ ቶፉ ካልሲየምም አለው። ድልሁ ግን ጨው ይበዛበታል፣ እኔ ሌላ ጨው አልጨምርም። ለጾም ከሆነ ስጋውን ተዉት። ብቻ ቶፉውን ውሃውን በደንብ አጠንፍፉት፣ አለዚያ ዘይቱ ፊታችሁ ላይ ይፈናጠራል።