ጨውና ጨረራ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለውድ ደንበኞቻችን
ጎንደር

ጉዳዩ፦ አዮዲን ያለው ጨው ከጨረራ ይከላከላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ማብራሪያ ስለመስጠት

ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረስ። ሰሞኑን ከቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች፣ ከዳቦ ቤቶችና ከእናቶች አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣልናል፦ «የኑክሌር አደጋ ቢደርስ አዮዲን ያለው ጨው ያድናል ይባላል፤ በብዛት ገዝተን እናስቀምጥ?» ለዚያ ብላችሁ አንድ ኪሎ እንኳ አትግዙ። ወሬው ግን ከአንድ እውነት ተነስቶ ነው የተጣመመው፤ ያ እውነት ለልጆቻችን ስለሚጠቅም በዝርዝር ልንጽፍላችሁ ወደድን።

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ያለ አዮዲን ሥራውን መሥራት አይችልም። አዮዲን ሲጎድልበት ያገኘውን ሁሉ ለመሰብሰብ ይታገላል፣ ያብጣልም፤ እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። እጢው ደህናውን አዮዲን ጨረር ከሚያመነጨው አዮዲን 131 መለየት አይችልም። የጠገበ እጢ ሞልቶ እንደቆመ እንስራ ነው፤ የሚጨመርበትን አብዛኛውን አይቀበልም። የተራበው ግን የመጣለትን ሁሉ ይዞ ያስቀራል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. በዩክሬን የሚገኘው የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ሲፈነዳ አዮዲን 131 በግጦሹ ላይ አረፈ፤ ላሞች ጋጡት፤ በወተት ወደ ልጆች ገባ። የልጅ እጢ ትንሽ በመሆኑ ጉዳቱ በረታ። የቤላሩሷ ጎሜልና የሩሲያዋ ብርያንስክ አካባቢዎች ቀድሞም አዮዲን ያጠራቸው ስለነበሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባቸው። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የደረሰባቸው የጨረር መጠን እኩል ሆኖ ሳለ አዮዲን ባነሰበት አካባቢ የኖሩ ልጆች በታይሮይድ ካንሰር የመያዝ ስጋታቸው ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ ያለ ነበር። በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በተበከሉት የሩሲያ ክፍሎች፣ በአደጋው ጊዜ ከ18 ዓመት በታች ከነበሩት መካከል እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ተመዝግበዋል። ሁሉም በጨረር የመጣ ነው ባይባልም ያ ወተት ትልቅ ድርሻ አለው።

አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ80 ቀን በኋላ ከሺህ አንድ ያህሉ ነው የሚቀረው። አደጋው የሳምንታት ነው፤ እጢው መጥገብ ያለበት ግን አደጋው ከመምጣቱ በፊት፣ በየዕለቱ ምግብ ነው።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው ፖታሲየም አዮዳይድ የተባለ ኪኒን ነው። ፖላንድ ቼርኖቤል በፈነዳ ሳምንት ወደ 10.5 ሚሊዮን ለሚጠጉ ልጆች አዮዲን አድላለች። የኪኒኑ የአዋቂ መጠን 130 ሚሊ ግራም ሲሆን በውስጡ 100 ሚሊ ግራም ያህል አዮዲን አለ። በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ካለው ጨው ያንን ለማግኘት 3 ኪሎ ከ300 ግራም መብላት ያስፈልጋል፤ ከዚያ እጅግ ያነሰው እንኳ ሰው ይገድላል። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የጃፓኑ ፉኩሺማ ጣቢያ ሲጎዳ በቻይና ሕዝቡ ጨው ለመግዛት ሲጋፋ የነበረው በከንቱ ነው። ለቁስል የሚቀባውን ቡናማ አዮዲንም ማንም እንዳይጠጣ፤ መርዝ ነው።

ከኑክሌር አደጋ ከሚወጡት ጨረር አመንጪዎች ለዓመታት የሚቆዩት ሲዚየም 137 እና ስትሮንሺየም 90 ናቸው፤ በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። በእነዚህ ላይ አዮዲን ምንም አያደርግም። ስትሮንሺየም ካልሲየምን ስለሚመስል ወደ አጥንት ይገባል፤ ካልሲየም የጎደለው ሰው ደግሞ ይበልጥ ይወስደዋል። በተበከለ አካባቢ የሚኖር ሰው ፈርቶ ወተትን ጨርሶ ቢተው አንዱን አደጋ ሸሽቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ የሚበጀው ተለክቶ ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ወተት ማግኘት ነው።

ወደ እኛው እንመለስ። ጎንደር በጨረር አልተበከለችም፤ የአዮዲን እጥረት ግን የደጋ አገር ሁሉ ችግር ነው። የክረምቱ ዝናብ ከተዳፋቱ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ እዚያ የበቀለው እህልም ሆነ የላሟ ወተት አዮዲን ያንሰዋል። ጎመንና ዳጉሳ የሚበዛበት ማዕድ ደግሞ አዮዲን ሲጎድል እጢውን ይበልጥ ያደክመዋል። በእርግዝና ወቅት ሲጎድል የሚጎዳው የሕፃኑ አእምሮ ነው፤ እኛን ከእንቅርቱ ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ነው።

አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ 120 ያስፈልጋቸዋል። በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ካለው ጨው 5 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ 150 ማይክሮ ግራሙን ይሰጣል። ስለዚህ ጨው ማብዛት አያስፈልግም፤ ደም ግፊት ያመጣል። አዮዲኑ በኪሎ ወደ 15 ሚሊ ግራም ከወረደ ግን የዚያው ማንኪያ ጥቅም በግማሽ ይቀንሳል።

ለአንድ ኩንታል ጨው 5 ግራም ፖታሲየም አዮዴት (ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ያለው ውህድ) በውኃ ሟሙቶ ሲረጭበት በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ይገኛል። መንገድ ላይና መጋዘን ውስጥ የሚጠፋውን አስበን እኛ ከዚያ ከፍ እናደርጋለን። 5 ግራም በ100 ኪሎ ላይ እኩል መድረስ ስላለበት ትልቁ ጣጣ ማደባለቁ ነው፤ ያልደረቀና ያልተፈጨ ጨው ላይ ቢረጭ አንዱ እፍኝ ብዙ ይይዛል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል።

ከእኛ ከወጣ በኋላ የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ጆንያው መሬት ላይ ከተቀመጠ ጨው ውኃ ይስባል፤ ውኃው አዮዲኑን ይዞ ወደ ታች ይወርድና በጆንያው ስፌት ይንጠባጠባል። ከላይ የቀረው ነጭና ደረቅ ስለሚሆን ሻጩም ገዢውም ደህና ይመስላቸዋል። በሐምሌና በነሐሴ በተለይ ተጠንቀቁ፦ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ ሽጡ። አሞሌ ወይም ለከብት የሚሸጥ ጨው ለሰው ምግብ ብላችሁ አትቀላቅሉ።

እናቶች ጨውን አጥቦ ማስጣት የለመዱት ቆሻሻ ለማስወገድ ነው፤ የሚታጠበው ግን አዮዲኑም ጭምር ነው። የእኛ ጨው መታጠብ አይፈልግም። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ከበርበሬ ጋር አብሮ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ጨው አዮዲኑ ስለሚቀንስ በርበሬው ከደረቀና ከተፈጨ በኋላ መጨመር ይሻላል።

ለዳቦ ቤቶች፦ አዮዴት በምድጃ ሙቀት በከፊል ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ የዳቦውን ጣዕምም ሆነ ቀለም አይለውጥም። ቤላሩስ ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ አዮዲን ያለው ጨው በዳቦ ውስጥ እንዲገባ ያደረገችው ዳቦ በሁሉም ቤት ስለሚገኝ ነው።

በመመርመሪያ ጠብታ የምትፈትሹ፦ ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከተለወጠ አዮዲን አለ ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ጠብታው በትክክል አይነግራችሁም። ካልተለወጠም ወዲያው አትፍረዱ፤ አንዳንድ ጨው ቀለሙን ስለሚከለክል ከዕቃው ጋር ያለውን ሁለተኛ ጠብታ ጨምራችሁ ድገሙት። ትክክለኛውን መጠን የሚያሳውቀው በላቦራቶሪ የሚሠራው ቲትሬሽን የተባለው ልኬት ነው። ናሙና ስታመጡልን ከጆንያው አናት፣ ከመሃልና ከታች አንድ አንድ እፍኝ ለየብቻ በደረቅ ፌስታል ቋጥራችሁ አምጡ፤ በማሸጊያው ላይ ያለውን የምርት ቀን አብራችሁ ጻፉልን። ስፌቱ ረጥቦ የደረሳችሁን ጆንያ ሳትፈቱ መልሱት፤ እንቀይርላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጨው ማዘጋጃና ማሸጊያ ድርጅታችሁ
ጎንደር