ከጀሪካን እስከ ክሪክ፦ የሳይንስ ክበብ ዓመት

የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ፍሬ ጨመቅን። በቤተ ሙከራው በር ስታልፉ "ይህ ምን ይሸታል?" እያላችሁ አፍንጫችሁን ስትይዙ የነበራችሁ ሁሉ መልሱ ይኸው።

መነሻው የ10ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ስኳር በእርሾ ተብላልቶ አልኮል እንደሚሆን ተማሩና "ታዲያ ለምን ወይን ጠጅ አንሠራም?" አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን አይሆንም ነው። በአገራችን ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥም፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ጠጅ ቤት አይደለም። ስለዚህ ጭማቂና ኮምጣጤ እንሥራ ተባባልን። ደግሞም እውነቱን ለመናገር የሥራው ከባድ ክፍል ያው ነው። ወይን ጠጅ የሚሠራም ኮምጣጤ የሚሠራም መጀመሪያ ፍሬውን መጭመቅ አለበት፣ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚያው ላይ ነው።

ውጭ አገር ለዚሁ የተሠራ ባለ ብሎን መጭመቂያ አለ። ቆንጆ ነው። ዋጋው፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሲደመር ግን የኛን ክበብ በጀት የሚያውቅ ሰው ይስቃል፤ ማርከር ከገዛንበት የሚተርፍ የለም። ባለን ነገር እንሞክር አልን።

ያለን ነገር ይህ ነበር። የምግብ ዘይት የመጣባቸው ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች (የቀለም ባልዲ እንዳታስቡት፣ ምንም ቢታጠብ አይሆንም)፣ አንድ ክንድ ተኩል አቡጀዴ፣ ክብ የእንጨት መክተፊያ እና ውሃ የተሞላ ጀሪካን። አንዱን ባልዲ ታችና ጎኑን በጋለ ሚስማር በሳስተን ሌላው ውስጥ ከተትነው። አቡጀዴውን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበን፣ ቀቅለን፣ ውስጡ አነጠፍን። ፍሬው በጨርቁ ይጠቀለላል፣ መክተፊያው ከላይ ይቀመጣል፣ ጀሪካኑ ይጫናል። በቃ፣ መጭመቂያ ማለት ይኸው ነው።

ለብርቱካንና ለአናናስ ሠራ። የጨንቻ ፖም ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። ፖሙን ከትፈን ጨመርነው፣ ጀሪካኑን ጫንነው፣ ጠበቅን። ጠብ አላለም። ልጆቹ ወዲያው "ክብደት ይጨመር" አሉ፤ አንዱ ጀሪካኑ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ያኔም የወጣው አንድ ብርጭቆ አይሞላም።

ይህን ነገር የፈታው ፊዚክስ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው ብል አልዋሽም። ከክበቡ አባላት አንዱ ዲያቆን ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ በቤተ ልሔም እንዴት እንደሚዘጋጅ ነገረን፤ ዘቢቡ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሲለሰልስ በእጅ ታሽቶ ይጨመቃል፣ ይጠለላል። የብረት መሣሪያ የለም፣ እጅ ብቻ። "መጀመሪያ ካልለሰለሰ ብትታገለውም አይሰጥህም" አለ ልጁ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጭማቂው ያለው በሕዋሳቱ ውስጥ ተቆልፎ ነው፤ ግድግዳው ካልፈረሰ ከላይ ድንጋይ ብትጭን ዋጋ የለውም። ስለዚህ መድቀቅ ይቀድማል፣ መጫን ይከተላል።

ፖም ለማድቀቅ ሁለት መንገድ ሞከርን። አንዱ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ ይሠራል፣ ክንድ ግን ይጨርሳል። ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ነው፤ እኔ የምመክረውም ይህን ነው። ቤቷ ፍሪዘር ያላት ልጅ የተከተፈውን ፖም በፌስታል ወስዳ አሳደረችው። ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋና በረዶውም ስለታም ስለሆነ የሕዋሳቱን ግድግዳ ይበጣጥሰዋል። በማግስቱ ሲቀልጥ ያ እንደ ድንጋይ የነበረው ፖም ቡናማ ሆኖ ተልፈስፍሷል፤ አንዱን ቁራጭ አንስታ ጨበጥ ስታደርገው ጭማቂው በጣቶቿ መሐል አልፎ እስከ ክርኗ ወረደ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ያው ባልዲ፣ ያው ጀሪካን፣ አሁን ጠብ ጠብ ሳይሆን ይወርድ ጀመር። መጥቆሩ ደስ ካላላችሁ ገና ሲከተፍ ሎሚ ጠብ አድርጉበት።

ማደባለቂያ ለምን አልተጠቀማችሁም የሚል አይጠፋም። ፍሬውን ክሬም ያደርገዋል፣ ክሬም ደግሞ የጨርቁን ቀዳዳ ይደፍናል። የወይን ፍሬ ከሆነ ይባስ፣ ዘሩን ይፈጨውና መራራ ይሆናል። ወይን በእጅ ወይም በታጠበ እግር ሲረገጥ የኖረው ቆዳው ፈንድቶ ዘሩ እንዳይሰበር ነው።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ጉልበት ማሳደግ ጀመርን፤ ይህን ልጆቹ ሲጠብቁት ነበር። ሁለት ሜትር አጣና ወስደን አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ከታሰረ ብረት ሥር ሸጎጥን፣ ባልዲውን ከዚያ ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀመጥን፣ በሌላኛው ጫፍ 40 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ተንጠለጠለች። በማንሻ ስሌት መክተፊያው ላይ የሚያርፈው 320 ኪሎ ነው። ይህን ስሌት ፈተና ላይ ባወጣው ግማሹ ተማሪ ይሳሳተዋል፣ አጣናው ላይ የተንጠለጠለ ግን አንድም አልሳተም።

ከዚያ ክሪክ መጣ። የሰርቪሱ ሾፌር ባለ ሁለት ቶን ክሪካቸውን አዋሱን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የግቢው አናጢ ከተጣለ የዴስክ እንጨት ማቀፊያ ሠሩልን። በሚስማር እንሥራው ስንላቸው "ክሪክ ሚስማር ይነቅላል፣ ቡሎን አምጡ" አሉ፤ ልክ ናቸው። እንዲያም ሆኖ እስከ መጨረሻው አላስረገጥኩም፣ ማቀፊያው ላይ ፊቱን የሚያስጠጋም አልፈቀድኩም፣ ከክሪኩ ዘይት እንዳይንጠባጠብ ደግሞ መክተፊያው ላይ ላስቲክ አልብሰናል።

አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ እዚህ ላይ ጥሩ ነገር አስተዋለ። ግፊት ማለት ጉልበት ለስፋት ሲካፈል ነው። የመክተፊያው አግድመት ከ30 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ስፋቱ ሩብ ይሆናል፣ ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። ጠባብ ባልዲና ትንሽ መክተፊያ አምጥቶ በአጣናው ብቻ ከክሪኩ ብዙም ያልራቀ ጭማቂ አወጣ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መጭመቅ ግድ ይላል፣ ግን ክሪክ ለሌለው ሰው ይህ ይበቃዋል።

ችኮላ ደግሞ አይሠራም። በአንድ ጊዜ ከረገጣችሁት ጨርቁ ይደፈናል ወይም ይቀደዳል። ጫን አድርጎ መተው፣ ሲወርድ ማየት፣ እንደገና ጫን ማድረግ። አያቷ ጉራጌ አገር ያሉ ልጅ የእንሰቱ ጭማቂ ተጠልሎ ነጩ ቡላ ታች እስኪቀመጥ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ ስታወራ፣ ችኩሎቹ ትንሽ ረገብ አሉ። ከ10 ኪሎ ፖም አምስት ሊትር ካገኛችሁ በቤት መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ጨርቁ ውስጥ የቀረውን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለኮምፖስት ወሰደልን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጭማቂ አሲድ ነው። የዚንክ ቅብ ያለው የቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ አታስገቡት፣ ዚንኩን ያሟሟዋል። ቅብ የሌለው ጥቁር ብረትም ጣዕሙን ያበላሻል። የምግብ ፕላስቲክ፣ መስታወት ወይም የማይዝግ ብረት ብቻ።

ጭማቂውን ከ70 ዲግሪ በላይ አሙቀን በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ ከደንነው። ፓስተር በፈረንጆቹ 1860ዎቹ ወይን ጠጅ እንዳይበላሽ ያደረገው ይህንኑ ማሞቅ ነው። ሁለት ጠርሙስ ግን ሳይሞቅ አስቀረንና የዳቦ እርሾ ጨምረን አፉ ላይ በመርፌ የተበሳ ፊኛ አሰርንበት። ፊኛው ሲነፋ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ትምህርት ያለ ሰሌዳ አለቀ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ በክዳን ጥርቅም ተደርጎ አይዘጋም፣ ይፈነዳል። ፊኛው ሲሟሽሽ አፉን በጨርቅ ብቻ ሸፍነን ተውነው፤ አየርና ባክቴሪያ እርሾው የሠራውን አልኮል ለወጡት፣ ከሳምንታት በኋላ ኮምጣጤ ሆነ። በቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ ስንፈትነው እንደ ጽጌረዳ ቀላ። አሁን የመምህራን ክበብ ሰላጣ ላይ ነው ያለው።

በወላጆች ቀን አንድ አባት "ይህ ነገር ዓይን አያጠፋም?" ብለው ጠየቁኝ። የሚያሳስበው ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ነው፤ በፍራፍሬ ውስጥ የሚፈጠረው ትንሽ ነው፣ አደጋው የሚመጣው አረቄ ያለ ጥንቃቄ ሲነጠር ወይም ሜታኖል ራሱ ሲቀላቀልበት ነው። እኛ ደግሞ አላነጠርንም፣ አናነጥርምም።

ለመጪው ዓመት ማቀፊያው ቤተ ሙከራው ጥግ ላይ አለ፣ ክሪኩን መልሰናል። ዘይት የመጣበት ጠባብ ባልዲ ወይም ያረጀ አቡጀዴ ቤታችሁ ካለ ሐሙስ ከሰዓት ይዛችሁ ኑ። በለስ የመሞከር ሐሳብ አለ፤ እሾሁን ማን እንደሚለቅም ገና አልተወሰነም።