ጅሬን ሳትወጪ ማይ ጉዶን አታስቢ

ጅማ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ኅዳር ላይ ስትመጪ ከጓደኞችሽ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ ለመውጣት ያወጣችሁትን ዝርዝር አየሁት። አንደኛ ማይ ጉዶ፣ መጨረሻ ጅሬን ብላችኋል። ገልብጡት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 እና 1,800 ሜትር መሀል ላይ ነው ያለችው፤ ማይ ጉዶ ከ3,000 በላይ ነው። እዚያ የሚያስቸግራችሁ ሁሉ ጅሬን ላይ ቀድሞ ይታያል፤ ልዩነቱ ጅሬን ላይ ሲታይ በባጃጅ ቤት ትገቢያለሽ።

ወቅቱን በደንብ መርጣችኋል። የእኛ ዝናብ እንደ ሰሜኑ ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ አይደለም፤ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይጎትተዋል። ስለዚህ ለእግር የሚሆነው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው፣ ወደ 15 ቅዳሜ። አንዱን ሄዳችሁ አንዱን አርፋችሁ ሰባት ስምንት ጉዞ ይወጣችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጅሬን ይሁኑ፣ ቀጥሎ የዴዶ ዳገቶች፣ ከዚያ በለጠ የሚባለው ጫካ፣ ማይ ጉዶ ጥር ላይ።

ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከቤት በእግር ተነሡ። ይህ ጉዞ የሚፈትነው ጫማሽን ነው፤ ስለ ጫማ ደግሞ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ የብዙ ሰው ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ከሰልባጅ የተገዛ የተራራ ጫማ መልኩ አያታልልሽ። ከታች ባለው ጎማና ከላይ ባለው ቆዳ መሀል ስፖንጅ አለ። ያ ስፖንጅ በብዙዎቹ ጫማዎች ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ የአየሩን እርጥበት እየሳበ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠ አይተርፍም። ከላይ አዲስ የሚመስል ጫማ ዳገት ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሶሉን ጥሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ስፖንጁን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ተጫኚው፤ ተጭኖ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ካወጣ ተዪው። ቀጥሎ ጫማውን ከጣቶቹ በኩል አጥፊውና ሶሉ ከጎን የሚከፈት እንደሆነ እዪ። ጎማው ብቻ ከላላ ጫማ ሰፊ በማስቲሽ ለጥፎ ዙሪያውን ይሰፋዋል፤ ስፖንጁ ከፈረሰ ግን ማስቲሹ የሚይዘው ነገር የለውም። ለማንኛውም ሁለት ሜትር ሲባጎ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ ሶል ሲላቀቅ ከላይ ወደ ታች ሦስት ቦታ ጠምጥመሽ ታስሪዋለሽ፣ ቤት ያደርስሻል።

ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል። ካልሲውን አድርገሽ ቁሚ፤ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ያ ቦታ ከሌለ ቁልቁለት ላይ ጣቶችሽ የጫማውን ጫፍ እየመቱ ጥፍሩ ይጠቁራል። ጥፍርሽንም ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፤ በዋዜማው ከቆረጥሽው ጠርዙ ገና ስለት ነው። ካልሲ የጥጥ አይሁን፤ ላቡን ይዞ ይቀመጣል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ተረከዝሽ ሲግል ከተሰማሽ «ትንሽ ልታገሰው» አትበይ፤ እዚያው ተቀምጠሽ አውልቂ፣ አድርቂ፣ ፕላስተር ለጥፊ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚለጠፍ ፕላስተር ብዙም አይጠቅም። ቁልቁለት ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት አካባቢ አጥብቀሽ እንደገና እሰሪ፣ ተረከዙ ወደ ኋላ እንዲያዝ።

ወደ ዴዶ ስትሄዱ የሚፈተነው ሰዓት ነው። ለዚህ አንድ ስሌት አለ፤ ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ትጨምሪያለሽ። ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ሆኖ 800 ሜትር ዳገት ካለው፣ ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 1 ሰዓት ከ20፣ ድምሩ 3 ሰዓት ከ44 ይሆናል። ይህ ግን ብቻውን ለሚሄድ፣ እግሩ ለለመደ፣ ደረቅ መንገድ ላይ ነው። እናንተ ስድስት ሰባት ሆናችሁ፣ ፎቶ እያነሣችሁ፣ ጭቃ እየዘለላችሁ ስለሆነ የዚህን ግማሽ ጨምሩበት፣ ወደ 5 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። አንድ ሰዓት ለዕረፍትና ለምሳ፤ በጠቅላላው 6 ሰዓት ተኩል። ከጥዋቱ 1 ሰዓት ከተነሣችሁ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከታች ናችሁ። 4 ሰዓት ላይ ከተነሣችሁስ? 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያኔ መኪናው ሞልቶ ሄዷል።

ታኅሣሥና ጥር ላይ ጅማ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ15 እስከ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨልማል። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓታችሁን ቤት ሳላችሁ ቁረጡ፤ እኔ ብትጠይቂኝ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ሲሆን ጫፉ በዓይን ቢታይም ትመለሳላችሁ። ላይ ወጥቶ ይህን ሰዓት መከራከር አይቻልም፤ ጫፉ ሲቀርብ ሰው ዳኝነቱ ይጠፋዋል። ሰዓቱን የሚይዘው የሚመራው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን፤ አንቺ ብትይዢው ደስ ይለኛል፣ ግትር ነሽና።

አረማመዳችሁ እያወሩ የሚሄዱበት ይሁን። ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ የሚያለከልክ ካለ ፈጥናችኋል። ቀርፋፋውን ሰው ከፊት አድርጉት። ከኋላ ከሆነ እሱ ሲደርስ ሌሎቹ ዐርፈው ይነሣሉ፤ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ሳያርፍ ይቀራል።

ውሃ በሰው 3 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 1.5 ሊትር ሃይላንድ። አንዱ ሲያልቅ ገና ወደ ላይ እየሄዳችሁ ከሆነ ይህም ራሱ የመመለሻ ምልክት ነው። የምንጭ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ተጎንብሳችሁ አትጠጡ፤ ተቅማጡ ቀርቶ አልቅት ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ይጣበቃል። ካስገደዳችሁ በነጠላ አጥሉትና አፍሉት፤ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ለስንቅ ጭኮን የሚያህል የለም፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም፣ ጥቂቱ ያጠግባል። ለአንድ ሰው አንድ ጭብጥ ጭኮ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ቆሎ፣ ሁለት ሙዝ። ከጓደኞቻችሁ ጫት ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይደለም፦ ጫት ረሃብን ይደብቃል፣ ልብንም ያስሮጣል፤ ዳገት ላይ ያለ ሰው ደግሞ መራቡንና ልቡ መፍጠኑን ማወቅ አለበት። ከወረዱ በኋላ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

መንገድ ስትጠይቂ «ይህ መንገድ እዚያ ያደርሳል?» ብለሽ አትጠይቂ። ሰው ላለማሳዘን ሲል አዎ ይልሻል። በኦሮምኛ «ካራን ኩን ኤሳ ጌሳ?» በዪ፤ ይህ መንገድ የት ያደርሳል ማለት ነው፣ መልሱን ራሱ ይነግርሻል። ርቀትንም በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ጠይቂ፤ የነገሩሽንም አንድ ተኩል ጊዜ አድርጊው፣ እነሱ የሚነግሩሽ በራሳቸው እግር ነው። ከሁሉ በፊት ሰላምታ ይቅደም፤ ጥዋት «አካም ቡልታን» (እንዴት አደራችሁ) ያለ ሰውና ካሜራ ደግኖ የገባ ሰው እኩል አይታዩም። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ከመንገዱ ወጥታችሁ ቡና ውስጥ አትግቡ፣ አንዲት ፍሬም አትቀንጥሱ፤ ዘበኛ ለቡናው እንጂ ለእናንተ አልተቀጠረም። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቁሙና ድንጋይ ለማንሣት እንደሚያጎነብስ ሰው አጎንብሱ፣ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሆስፒታል።

በለጠ የሚባለው ጫካ ወደ ሸቤና ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እዚያ የሚፈተነው የእግር አጣጣል ነው። የእኛ ቀይ አፈር ሸክላ ይበዛዋል፤ ከላይ ደርቆ ጥላ ሥር እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ የጫማሽን ጥርሶች ሞልቶ ሶሉን ልሙጥ ያደርገዋል። በየጥቂቱ ቆመሽ በእንጨት ጫሪው። የዛፍ ሥርና አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ ድንጋይ አትርገጪ፤ ሣር ካለ ሣሩን ምረጪ። ቁልቁለት ላይ ርምጃሽ አጭር፣ ጉልበትሽ ትንሽ የታጠፈ፣ ዱላሽ ከፊትሽ ይሁን። ዱላው ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ክርንሽን ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚያሳጥፍ ቁመት ይኑረው። ሱሪ ረጅም፤ ሳማ አጭር ሱሪን አይምርም። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ስታዪ ከሥሩ አትቀመጡ፣ ሽቶም ተቀብታችሁ አትምጡ። ንብ ከተነሣ እጅ ማወራጨት ያብሰዋል፤ ፊትሽን በነጠላ ሸፍነሽ ፈጥነሽ ራቂ፣ መርፌውንም ሳትዘገዪ በጥፍርሽ ጫሪው። ጉሬዛዎቹን እዚያ ታያላችሁ፤ ዝም ካላችሁ ማለቴ ነው።

ማይ ጉዶ ላይ የሚጨመረው ብርዱ ነው። በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ጅማ 24 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ላይ ወደ 15 ነው፤ ነፋስና ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚህ በታች ይሰማል። ደረቅ ሹራብ በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ፣ ጫፍ ላይ እርጥቡን አውልቀሽ ቀይሪ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ በመድኃኒት ወደ ላይ አይገፋም፣ ይወርዳል። ያልተጠበቀ ደመና ተሰብስቦ መብረቅ ሲታይ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሪ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ነጠላ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ፤ የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ ወደ ላይ አትመለሱ።

ስልክሽ ላይ ካርታውን ቤት ሳለሽ አውርጂው፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ አይገኝም። ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ባትሪ ይበላል፣ ስለዚህ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊውና ሸንተረር ላይ ስትወጪ ክፈቺው። ጥሪ ባያልፍም አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትመለሱና የቆረጣችሁትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊልን። መታወቂያችሁንም ሁላችሁም ያዙ፤ ቀበሌ ላይ ማንነታችሁን የሚጠይቅ ይኖራል፣ መጠየቁም ደግ ነው።

ጫማሽን ግን ዛሬውኑ ከአልጋ ሥር አውጥተሽ ስፖንጁን በጥፍርሽ ተጫኚው። ከፈረሰ ደውዪልኝ፤ ሐሙስ ገበያ ስወጣ ሌላ አይልሻለሁ። ቁጥርሽን ንገሪኝ፣ ከካልሲው ጋር የተለካውን።

አባትሽ