ለአባባ፣ ከሞሪሸስ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ። ትልቁ ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ፎቶዋን ልኬ ነበር፤ አይተውት ይሁን አይሁን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ዛሬ መጻፉን የመረጥኩት ስልክ ላይ ስለማይገኙልኝ ነው። ያነሳሉ፣ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እስቲ ልጆቹን አቅርቢልኝ" ይላሉ፣ በቃ። ወረቀት ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡት አውቃለሁ። የተማሪ ፈተና ሲያርሙ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሻማ አብርተው ይጨርሱ ነበር።

እሁድ ልጆቹን ይዘን ወደ ኩርፒፕ ወጣን። ኩርፒፕ የደሴቲቱ ደጋ ነው። አሁን የሙቀትና የሳይክሎን፣ የኃይለኛው አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ነውና ባሕሩ ዳር ሰው በላብ ተጠምቋል። እዚያ ላይ ግን ያካፋል፣ ጉም ይወርዳል፣ ሹራብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወባ ቆላውን ሲፈጀው ብዙ ሰው ሸሽቶ የወጣው ወደዚያ ነው። የእጽዋት መናፈሻውም ከዚያ ወዲህ፣ በ1870 የተቋቋመ ነው። ትልቅ አይደለም። ሰው ሳይቸኩል የሚራመድበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው።

እዚያ አንድ ዘንባባ አለ። በዓለም ላይ ከዘሩ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሂዮፎርቤ አማሪካውሊስ ይባላል። ለእርስዎ ስለሆነ ነው የጻፍኩት፤ ለሌላ ሰው ቢሆን እዘለው ነበር። ሲያዩት ብዙም አይገርምም። ረጅም ቀጭን ግንድ፣ አናቱ ላይ ጥቂት ቅጠል፣ ዙሪያውን ብረት። ትልቁ "ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ቅር አለው። ነገሩን ሳስረዳው ግን ዝም አለ። ዛፉ ወንዴና ሴቴ አበባ ሁለቱንም ያወጣል። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይደርሱም። የአንዱ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የሌላው የሚመጣው። ስለዚህ ራሱን በራሱ ማዳቀል አይሆንለትም፣ ሌላ ወገን ደግሞ የለውም። በላቦራቶሪ ለማባዛት ተሞክሯል። ችግኝ በቅሎም ያውቃል፤ ግን አልጸደቀም።

ትንሿ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። "ማታ ማታ ከሱ ጋር ማን ያድራል?" አለችኝ።

አባባ፣ ማታ ማታ ከእርስዎ ጋር ማን ያድራል? እህቴ የጎረቤት ልጅ ትመጣለች አለችኝ። በየቀኑ ነው ወይስ ሲመቻት? የመታጠቢያ ቤቱ ወለልስ ተቀየረ? የማያዳልጥ ምንጣፍ ይግባበት ብዬ ገንዘብ ልኬ ነበር። መያዣ ብረትም ግድግዳው ላይ ይመታ ብያለሁ። የግፊቱን መድኃኒት እባክዎ ጠዋት ጠዋት ይውሰዱ። ሻል ሲልዎት ያቋርጡታል፤ ሻል ያለዎት ግን ስለወሰዱት ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደተነጋገርን እርስዎም ያውቃሉ።

ስለዛፉ አንድ ነገር ልጨምር። የሚከታተሉት ባለሙያዎች አሉት። ሲያብብ ያውቃሉ። ሲጎሳቆል ያውቃሉ። አጥሩን ይዤ ቆሜ ቀናሁ። እኔ የአባቴን ጤና እንደዚያ አላውቅም። ከሰው አፍ ለቅሜ ነው የምገጣጥመው።

ይህን ወደ በኋላ ልተወው።

በማግስቱ ወደ ፓምፕልሙስ ወረድን። ዋናው የእጽዋት መናፈሻ እሱ ነው፤ በሰሜን በኩል፣ ከዋና ከተማዋ ከፖርት ሉዊስ ብዙም አይርቅም። አሁን የሚጠራው በመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር በሲውሳጉር ራምጉላም ስም ነው። ሰዉ ግን እስካሁን ፓምፕልሙስ ነው የሚለው። ስለ ቅመም ንግድ ያስተማሩን ሁሉ እዚያ በእጅ ይነካል። መጀመሪያ፣ በ1730ዎቹ፣ የፈረንሳዩ ገዥ ላቡርዶኔ ለቤቱና ወደብ ለሚደርሱ መርከቦች አትክልት የሚያስለማበት ቦታ ነበር። የእጽዋት መናፈሻ ያደረገው ፈረንሳዊው ፒየር ፑዋቭር ነው። ሰውየው በወጣትነቱ እንግሊዞች በተኮሱት መድፍ ቀኝ እጁን ያጣ ነው። ያኔ ገውዝና ቅርንፉድ በሆላንዶች መዳፍ ውስጥ ነበሩ። በሞሉካ ደሴቶች፣ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ዘሩ እንዳይወጣ ቀንና ሌሊት ይጠብቁታል። ፑዋቭር ሰዎች ልኮ በድብቅ አስወጣው። በ1770 ችግኞቹ ሞሪሸስ ገቡ። ቅርንፉድ በኋላ ወደ ዛንዚባር የተሻገረው ከእነዚህ ደሴቶች ነው። አስጎብኚው የፑዋቭርን ስም ደጋግሞ ጠራ። መሬቱን የቆፈሩት ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ የተጋዙ ባሪያዎች ግን ስማቸው አልተነሳም። እርስዎ ቢኖሩ ይህን ሳይጠይቁ ከዚያ አይነቃነቁም ነበር። እኔም ጠየቅኩ። ሰውየው ትንሽ አሰበና "ልክ ነሽ" አለኝ።

አስጎብኚዎቹ ቅጠል እየቀጠፉ በጣታቸው አሽተው ለሰው ያሸትታሉ። ቀረፋ፣ ካፉር፣ ቅርንፉድ። ትልቁ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም በስሙ ጠራ። ቅጠል አሽቶ ማሽተትን እኔ ከማን እንደተማርኩት ያውቃሉ፤ ለእሱም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማታ ልብሱን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ የቀረፋ ቅጠል አገኘሁ። አባባ፣ ስለዚህ አመሰግንዎታለሁ። ከዚህ ቀደም ብያለሁ ብዬ ሳስብ፣ አላልኩም።

ታሊፖት የሚሉት ዘንባባም አለ። በሕንድና በስሪ ላንካ ቅጠሉን አድርቀው መጽሐፍ ይጽፉበት ነበር። ይህኛውን እርስዎ ይወዱት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ 30 ዓመት፣ 60 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ቆይቶ። አበባው ግን ከእጽዋት ሁሉ ትልቁ ዘለላ ነው። ፍሬው ሲበስል ዛፉ ይሞታል። አስጎብኚው እዚህ ላይ ሲደርስ ልጆቹን ይዤ ወደ ኤሊዎቹ ሄድኩ።

ኤሊዎቹ ግዙፎች ናቸው። ዘራቸው ከአልዳብራ፣ ከሲሸልስ ደሴቶች፣ ነው፤ የሞሪሸስን የራሷን ግዙፍ ኤሊዎች መርከበኞች እየጫኑ በልተው ጨርሰዋቸዋል። እነዚህ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራሉ። ትንሿ አንዱን "አያቴ" ብላ ጠራችው። አትቆጧት።

ከዚያ ኩሬው ቀረ። ወደዚያ መሄድ አልፈለግኩም። ባለቤቴ ያውቃል፤ ምንም ሳይል ልጆቹን ይዞ ሄደ። እኔ ጥላ ስር አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። ትንሿ ግን ተመልሳ መጥታ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ።

ግዙፎቹ የውሃ አበቦች እንደነበሩ ናቸው። ዘራቸው ከአማዞን ነው። ቅጠላቸው ውሃው ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፏል። አንዱን ሰው በእጁ ዘርግቶ አይደርስበትም። ከስሩ እሾህ ነው። አበባው ሲመሽ ይከፈታል። የመጀመሪያው ማታ ነጭ ነው፤ ሽታው ጥንዚዛ ይጠራል፣ ሌሊቱን ጥንዚዛዋን ዘግቶባት ያድራል። በሁለተኛው ማታ ሮዝ ሆኖ ይከፍትላታል። ከዚያ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል።

የእነዚህን ፎቶ አንድ ጊዜ ልኬልዎት ነበር። ያስታውሳሉ። ትልቁ ገና ይታዘል ነበር። እሱን አዝዬ ኩሬው ዳር ቆሜ አነሳሁና በኢሞ ላኩት፤ ለእማዬ ያሳዩልኝ ብዬ። እርስዎ "አይታዋለች፣ በጣም ወዳዋለች" አሉኝ። አገናኙኝ ስልዎት "አሁን ተኝታለች" አሉ። ድምፅዎ ምንም አላለም። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ላይ ለእሷ ነጠላ ጫማ ገዛሁ።

ያን ቀን ሠልስቷ ወጥቶ ነበር።

ለባለቤቴ ነግራችሁት ነበር። ማታ ማታ ፊቴን ማየት አቅቶት መብራት ሳላጠፋ ይተኛ ነበር። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ በሩቅ የሚያውቃት ሰው ሁሉ አልቅሶላታል። ልጇ ግን ነጠላ ጫማ ትገዛለች። "በሰው አገር፣ ሕፃን ይዘሽ፣ እንዳትደነግጪ ብለን ነው" አሉኝ በኋላ። ከክፋት አይደለም፤ ይህን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። እርስዎ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው እኔን ለማትረፍ ድምፅዎን አስተካክለው ማውራትዎ ምን ያህል እንደከበደዎት አሁን ልጆች ወልጄ ይገባኛል። ግን አባባ፣ ያዳናችሁኝ ከምንም አይደለም። ድንጋጤው አልቀረልኝም። የቀረብኝ ቀብሩ ነው። አፈር ሲመለስባት አልነበርኩም። "አይታዋለች" ያሉኝን ቃል እስካሁን ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ፎቶውን ያየው ማነው? እርስዎ ብቻዎን አዩት?

ይህን ሁሉ ዓመት አላነሳሁትም። አሁን ያነሳሁት እህቴ ስታወራ አምልጧት "ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ" ስላለችኝ ነው። የቱ ሆስፒታል ስላት "ጉንፋን ነው፣ ለምርመራ ነው" አለች። ለጉንፋን ሰው አይተኛም። ለምርመራም ከሆነ ምን ተመረመሩ? ውጤቱስ? ከዚያ በኋላ ስልኬን እንደ ድሮው አታነሳም። የእማዬም ጊዜ እንዲሁ ነበር የጀመረው። "ትንሽ አሟታል" ነበር።

አባባ፣ ከታመሙ ታመምኩ ይበሉኝ። ከባድ ከሆነ ከባድ ነው ይበሉኝ። መምጣት ካለብኝ የምመጣበትን ቀን እኔ ልወስን፤ እናንተ አትወስኑልኝ። እኔ አሁን ሕፃን ያዘልኩ ልጅ አይደለሁም። መስማት እችላለሁ። የማልችለው ያንን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ነው። ደውዬ "ተኝተዋል" ቢሉኝ ከእንግዲህ አላምንም። በእውነት ተኝተው ከሆነ ስልኩን አጠገብዎ ያኑሩትና ትንፋሽዎን ልስማ። ከፋሁ አይበሉኝ።

አሁን ስለ መምጣቱ። ሐኪሙ በአውሮፕላን መጓዝ ከፈቀደልዎት ከሚያዝያ በኋላ ይሁን። ሙቀቱ ይበርዳል፣ የሳይክሎኑም ጊዜ ያልፋል። ያኔ የኩሬው ቅጠሎች እንደ አሁኑ አይሰፉም፤ ይቅርብን፣ ቅመሞቹ ይበቁናል። ፓምፕልሙስ መንገዱ ሰፊና ሜዳ ነው፣ ጉልበትዎን አያስቸግርም፣ አግዳሚ ወንበር እንደ ልብ ነው። አንድ ቀን ቅመሞቹን፣ ሌላ ቀን ታሊፖቱን እያልን በቀስታ እናየዋለን። ኩርፒፕ ስንወጣ ወፍራሙን ሹራብ ይልበሱ። ብቻውን የቀረውን ዘንባባ ትልቁ ራሱ ሊያስረዳዎት ተዘጋጅቷል፤ ስህተት ካለው ያርሙታል። ፓስፖርትዎ ጊዜው አልፎ እንዳይሆን ዛሬውኑ ይታይልኝ። ካለፈ ማሳደሱን እህቴ ታስጀምር፣ ወጪውን እኔ እልካለሁ።

ሐኪሙ ካልፈቀደ እኔ እመጣለሁ። ልጆቹንም ይዤ ነው የምመጣው። ይህን ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ።

ቅዳሜ እደውላለሁ። ልጆቹን አቀርብልዎታለሁ፣ ግን መጀመሪያ እኔን ያናግሩኝ። ከዚያ በፊት የሆስፒታሉን ወረቀት እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ሁሉንም ገጽ፣ የጀርባውንም ጭምር። የሐኪም ጽሑፍ አይነበብም እንዳትለኝ፤ የሚያነብልኝ ሰው እዚህ አለ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ