የምግብ ዝግጅት ክበብ፦ አንድ ኦቭን፣ ሁለት ትሪ

መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ «ዘንድሮ ምን እንሥራ?» ብዬ ስጠይቅ ልጆቹ መልሱን ይዘው ነበር የመጡት። «ቲቸር፣ ያንን የቻይና ጎድን!» ቪዲዮ አይተው ኖሯል። ቻር ሲው ይባላል። የደቡብ ቻይና፣ የጓንግዶንግ ምግብ ነው። ስሙ «በሹካ የተጠበሰ» እንደማለት ነው። ድሮ ሥጋውን በረጅም ሹካ ሰክተው ነበር እሳት ላይ የሚጠብሱት። እዚያ ብዙ ቤት ኦቭን ስለሌለ ሰው የሚገዛው ከጠባሾች ሱቅ ነው።

ዋናው ሥጋ አሳማ ነው። ከአባሎቻችን ደግሞ አሳማ የሚበላ የለም። በበግ ጎድን ለመሥራት ተስማማን። ቻይና ውስጥም ሁዊ የሚባሉት ሙስሊሞች አሳማ አይነኩም፤ የሚያበስሉት በግና በሬ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ መጣ። ሥጋው ከየትኛው ሥጋ ቤት ይገዛ? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። «በቃ በአትክልት እንሥራው» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ማንም የጓጓለትን እንዲተው አልፈለግኩም። ሁለት ትሪ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ብሩሽ ገዛን። የአንዱን እጀታ ሰማያዊ ክር፣ የሌላውን ቢጫ ክር አሰርንበት። የክበቡንም ቀን ከዓርብ ወደ ሐሙስ አዛወርን። ማጣፈጫው ላይ የሚገባውን የሩዝ ወይን ተውነው።

ማጣፈጫው ሶያ ሶስ፣ ሆይሲን የሚባለው ወፍራም ጣፋጭ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ከየቤቱ መጣ። ኮከብ የሚመስለውን ቅመም ግን አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም ነበር። አንዷ አሽታው «እንስላል እንስላል ይላል» አለች፤ እውነቷን ነው። ሥጋው ከመዘፍዘፉ በፊት ከጎድኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ይላጣል። ጠርዙን በማንኪያ እጀታ ታነሳዋለህ፣ በሶፍት ጥብቅ አድርገህ ይዘህ ትስበዋለህ። አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ያኔ ክፍሉ በጭብጨባ ይሞላል።

ኅዳር ላይ አሳረርነው። ማሩን ገና ሲጀመር ቀብተን 220 ዲግሪ ላይ ከተትነው፤ ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ ሆነ። ስኳር ቶሎ ያራል። ከዚያ ወዲህ በፎይል ሸፍነን 160 ዲግሪ ላይ ሰዓት ከሩብ እናቆየዋለን። ከሥሩ ውሃ ያለበት ዕቃ እናስቀምጣለን፤ የሚንጠባጠበው ስብ እንዳያጨስ። ማሩ የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ እሳቱን ጨምረን፣ አምስት አምስት ደቂቃ።

ጥር ላይ ልክ ማሩን ልንቀባ ስንል መብራት ሄደ። ሥጋው በስሏል፣ የቀረው ማሩ ነው። ሁለት ከሰል ምድጃ አቀጣጥለን እዚያው ላይ ጨረስነው። የዓመቱ ምርጥ ጎድን ያ ነው! ጠርዙ ላይ ጭሱ ገብቶበት ነበር።

መጋቢት 2 ዐቢይ ጾምም ረመዳንም በአንድ ቀን ገቡ። ኦቭኑ እስከ ፋሲካ ማግስት ተዘጋ። ልጆቹ ልኬቱን በደብተር ሲጽፉ ከረሙ።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ኦቭናችን አንድ ስለሆነ ትሪዎቹ የሚገቡት በየተራ ነው። አንድ ሳምንት ሰማያዊ ይቀድማል፣ በሚቀጥለው ቢጫ። ቀድሞ የወጣው ትሪ ላይ ግን ማንም እጁን ሰዶ አያውቅም። እንዲህ አድርጉ ብዬ አላውቅም። ሽታው ክፍሉን ሞልቶት፣ ማሩ እየቀዘቀዘ እየጠነከረ፣ የሌላው ትሪ እስኪወጣ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሰዓት ተኩል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለ2017 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሁለተኛ ኦቭን። ልጆቹ ሁሉም ትኩሱን ይብሉ።