ስለላክልኝ ዲያግራም

ሰላም ዳኒዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤት ሁሉ ሰላም ነው? ጠፋህ እንዳልልህ እኔም ጠፍቻለሁ፣ እኩል ነን። ግን ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ሰላምታ እንኳ ሳትጨምር የክፍያ ሲኩዌንስ ዲያግራም (ማን ለማን ምን መልእክት በምን ቅደም ተከተል እንደሚልክ የሚያሳይ ስዕል) ብቻ መላክ! ያው አንተ ነህ።

አየሁት። ብዙ ነገር አጭቀህበታል። ደንበኛው "ክፈል" የሚለውን ተጭኖ ሁለት ቀስት ሳንሄድ የትኛው ሜቶድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የትኛውን እንደሚጠራ መዘርዘር ትጀምራለህ፤ ባንኩ ግን ጥግ ላይ አንድ ቀስት ብቻ ነው የደረሰው። አለቃህ አይገባውም፣ ለፕሮግራመሩም አይበቃውም።

በሦስት ደረጃ ክፈለው። ላይኛው ለአለቃህና ለባንኩ ሰዎች ነው፦ ደንበኛ፣ የእናንተ ሲስተም፣ ባንክ፣ በቃ፣ ሦስት ላይፍላይን (ከእያንዳንዱ ተሳታፊ ወደ ታች የሚወርድ መስመር)። ውስጣችሁ እነሱን አያገባቸውም።

ጣጣው ያለው መካከለኛው ደረጃ ላይ ነው። አፑ፣ የትእዛዝ ሰርቪሱ፣ የክፍያ ሰርቪሱና ባንኩ የየራሳቸውን መስመር ይዘው ሲቆሙ ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ ባንኩ ገንዘቡን ቆርጦ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ታይምአውት ሲሆን (የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ) ደንበኛው ደግሞ ቢከፍልስ? ማረጋገጫው ቆይቶ፣ ያውም ሁለቴ ቢመጣስ? እነዚህን በአልት ሳጥን (እንዲህ ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ያ በሚለው) ለያቸው። ቀስቶቹንም አታመሳስላቸው፤ ላኪው መልስ እየጠበቀ የሚቆምበት ጥሪ ጫፉ የተሞላ ነው፣ ልኮ ወደ ሥራው የሚመለስበት ክፍት፣ ምላሹ ደግሞ የተቆራረጠ መስመር። አንተ ሁሉንም አንድ ስላደረግካቸው የክፍያ ሰርቪሱ ባንኩን ቆሞ ይጠብቅ አይጠብቅ መለየት አቃተኝ፣ ከዲያግራሙ የምፈልገው ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነበር።

ሜቶዶቹን ወደ ታችኛው ደረጃ አውርዳቸው፣ ያውም ሁሉንም አይደለም፤ ኮዱ በተነካ ቁጥር ስዕሉ ያረጃል፣ የሚያድሰው ሰው ደግሞ አይገኝም። እኔ ብሆን የምስለው ያ ማረጋገጫ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ በግብይት ቁጥሩ ተፈትሾ እንዴት እንደሚታለፍ ብቻ ነው። ከመካከለኛው ጋር የምታገናኝልህ ሬፍ የምትባል ሳጥን አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው ዩኤምኤል 2.0 (የእነዚህ ስዕሎች መደበኛ ቋንቋ) ጀምሮ ያለች ናት፣ ግን ብዙ ሰው ዞር ብሎ አያያትም። "ዝርዝሩ እዚያኛው ላይ ነው" ብለህ ትገላገላለህ።

መጀመሪያ መካከለኛውን ብቻ ሥራና ላክልኝ፣ ፕላንትዩኤምኤል (ከጽሑፍ ዲያግራም የሚሠራ መሣሪያ) ላይ ብትጽፈው ለማረም ይቀለኛል። ባንኩ ዝም ሲል ምን እንደምታደርጉ ካልታየበት መልሼ ነው የምልክልህ።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ደግሞ ደውል እንጂ!