አራተኛው ፎቶ

ውድ ኮማንደሬ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ በጭንቄ ቀን መጻፌ ያሳፍረኛል። እናትሽ ሲያርፉ ሳልመጣ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ "አሁን ምን ብዬ ልደውል?" እያልኩ ቀን ቀንን ወለደ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፤ መቼም አንቺ ስልክ ስታነሺ "ሃሎ" ሳይሆን "የት ነበርሽ?" ብለሽ ነው የምትጀምሪው። ማዕረጉስ? አሁንም እኛ ያወጣንልሽ ቅጽል ስም ብቻ ነው ወይስ ትከሻሽ ላይ ደረሰ?

የጻፍኩልሽ ምስክር ስለሆንኩ ነው።

ከአምስት ወር በፊት የጎረቤቴ ቤት ተሰብሮ ተዘረፈ። እኔ ደረጃ እየወጣሁ ነበር። አንድ ሰውዬ ቦርሳ አቅፎ በአጠገቤ እየሮጠ ወረደ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ቢበዛ አራት። በማግስቱ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ስድስት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አገላብጬ አየሁና "አራተኛው ይመስለኛል" አልኩ። "ጎበዝ! እኛም የያዝነው እሱን ነው" አለኝ። ምን ያህል እፎይ እንዳልኩ ልነግርሽ አልችልም። በሳምንቱ ሰዎች አሰልፈው ለዪ ሲሉኝ ዓይኔ ሌላ ሰው ላይ እንኳ አላረፈም። "በእርግጠኝነት እሱ ነው" ተብሎ ተጻፈ። ፈረምኩ።

መጥሪያው ሲደርሰኝ ችሎት ፊት እንዳልርበተበት ብዬ ስለ ወንጀል ምርመራ ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዩቲዩብ ገባሁ። የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ የደም ፎቶ፣ ከዚያ "ገዳዩ ማን ይመስላችኋል?" የሰው ሐዘን መዝናኛ ሲሆን አልወድም፤ ወጣሁ። ኋላ ላይ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኦፕን ለርን በሚለው ገጹ የሚሰጠውን የፎረንሲክ ሳይኮሎጂ (የወንጀል ምርመራና የፍርድ ቤት ሥነ ልቦና) ኮርስ አገኘሁ። ነጻ ነው። ስለ ዓይን ምስክር የሚለውን ክፍል የከፈትኩ ቀን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

አንቺ የፖሊስ ሥልጠና ላይ ተምረሽው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ለአንዱ ቡድን "መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?" አሉት፤ ለሌላው "ተላትመው ሲደቁ" ብለው ጠየቁት። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ተባሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት የለም። "ሲደቁ" ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ "ሲጋጩ" ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ። አንድ ቃል ብቻ ነው የተለወጠው።

እሱን እንኳ ልቻለው። የባሰው የጋሪ ዌልስና የኤሚ ብራድፊልድ ጥናት ነው፤ የ1998ቱ። ሰዎች ቪዲዮ አይተው ከፎቶዎች መሀል ጥፋተኛውን ለዩ ተባሉ። ጥፋተኛው ፎቶዎቹ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ የለዩት ሁሉ ተሳስተዋል። ከዚያ ለአንዳንዶቹ "ጎበዝ፣ ተጠርጣሪውን ለይተኸዋል" ተባለላቸው። እነዚያ ሰዎች ኋላ ሲጠየቁ ከመጀመሪያውም እርግጠኛ ነበርን፣ ፊቱን በደንብ አይተነዋል አሉ። ያቺን "ጎበዝ" የምትለዋን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። አሜሪካ ውስጥ ከ1989 ወዲህ በስህተት ተፈርዶባቸው ነጻ የወጡ ሰዎችን የሚመዘግብ ናሽናል ሬጂስትሪ ኦፍ ኤግዞነሬሽንስ የሚባል አለ። የእያንዳንዱ ሰው ታሪክ ከነስህተቱ ምክንያት ተጽፏል። ስለ ምርመራ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ ሌሎቹ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምሩሻል፣ ይሄ ግን የት ላይ እንደሚሰበር ያሳይሻል። በስህተት የተፈረደባቸውን ለማስፈታት በ1992 የተቋቋመው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እስከ 2020 በዲኤንኤ ከተገለበጡት ፍርዶች 69 በመቶ ያህሉ ላይ የዓይን ምስክር ስህተት እንዳለበት ይናገራል።

ጄኒፈር ቶምፕሰንን ታውቂያታለሽ? በ1984 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የተደፈረችው ተማሪ። እንዳትረሳው ብላ የሰውየውን ፊት እዚያው አጥንታዋለች። ሮናልድ ኮተንን መጀመሪያ ከፎቶ፣ ቀጥሎ ከሰልፍ ለየችው። ከ10 ዓመት በላይ ታስሮ በ1995 በዲኤንኤ ነጻ ወጣ። በመሀሉ እውነተኛው ጥፋተኛ ችሎት ላይ ፊቷ ሲቀርብ "አይቼው አላውቅም" ብላለች። እሷ እያጠናችው ነው ይህ የሆነባት። እኔ ደረጃ ላይ ሦስት ሰከንድ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። በማግስቱ ቃሌን ስሰጥ "ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶት ነበር" ብያለሁ። እውነት ነው፤ ዚፑ ሲያብረቀርቅ አይቻለሁ። ዛሬ ግን ዓይኔን ስጨፍን በደረጃው የሚወርደው ሰው ሰማያዊ ኮሌታ አለው። ኮማንደሬ፣ ሰማያዊ ኮሌታ ያለው ፎቶው ላይ ነው።

ሰውየው ሠርቶት ሊሆን ይችላል። ሌላም ማስረጃ ይኖራቸው ይሆናል፤ አልነገሩኝም። ጎረቤቴ ደግሞ ባገኘችኝ ቁጥር "አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር" ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ዝም ብዬ እጇን እጨብጣለሁ።

በመሀል አንድ ደስ የሚል ነገር፤ ለአንቺ ብዬ ያቆየሁት። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል ከ2017 ጀምሮ በልጆች ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ከሚያሳዩ ምስሎች ከበስተጀርባ የሚታዩ ዕቃዎችን ብቻ ቆርጦ ለሕዝብ ያወጣል። መጋረጃ፣ የፕላስቲክ ከረጢት፣ የልብስ ጨርቅ። ልጁ የት እንዳለ ለማግኘት እንዲረዳ፣ ዕቃው የት አገር እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው ይጠቁማል። አንድ ሌሊት ሙሉ መጋረጃ ሳይ አደርኩ። አንዱንም አላወቅሁትም፤ ግን ሥራሽን ለምን እንደምትወጂው ያን ሌሊት ገባኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2014 ስለ ዓይን ምስክር ያወጡትን ሪፖርት በነጻ አውርጄ አነበብኩት። ፎቶውን የሚያሳየው ሰው ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የለበትም ይላል። ምስክሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ደግሞ እዚያው፣ ወዲያው፣ በራሱ ቃል ይመዝገብ ይላል። እኔ ጋ ሁለቱም አልተደረገም። "ይመስለኛል" ያልኩት መዝገቡ ላይ መኖሩንም እንጃ።

እና ምን ላድርግ? ለዐቃቤ ሕጉ አሁን ልንገረው ወይስ ችሎት ላይ ስጠየቅ ልናገር? የመጀመሪያ ቃሌን አሳዩኝ ማለት እችላለሁ? ፈርመሽ ተገለበጥሽ ብለው ቢይዙኝስ? ጥያቄው ለአንቺ ሊከብድ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የሥራ ባልደረቦችሽን የሚነካ ነገር ነው። መመለስ ካልፈለግሽ አልቀየምሽም። ግን አንቺን ካልጠየቅሁ ማንን ልጠይቅ?

ቀጠሮው 18 ቀን ቀርቶታል። ቁጥሬ ያው ነው። ሌሊትም ቢሆን ደውይ፤ አልተኛም።

ያንቺዋ፣
የመስኮት ዳሯ